ፈረንሳይኛሽን ከአማርኛሽ ጀምሪው

የደረሰኝ ደብዳቤ፦ «ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። 41 ዓመቴ ነው፣ ሰሚት ነው የምኖረው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ካዛንቺስ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሂሳብ ላይ ነው የምሰራው። የስራ ባልደረቦቼ ግማሾቹ ከካሜሩን፣ ከሴኔጋል፣ ከኮትዲቯር የመጡ ናቸው፣ ምሳ ሰዓት ላይ በፈረንሳይኛ ሲጫወቱ እኔ ስልኬን ነው የማየው። ከ7 ወር በፊት ዱኦሊንጎ የሚባለውን የቋንቋ መማሪያ አፕ ጀመርኩ፣ በእንግሊዝኛ በኩል ነው፣ በቀን 10 ደቂቃ አንድም ቀን ሳልዘል። ባለፈው ሳምንት አንዷ ሊፍት ውስጥ በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፣ ምን እንዳለች አልገባኝም፣ ፈገግ ብዬ ወረድኩ። በኋላ ሳጣራ ‹ደህና አደርሽ ወይ› ነው ያለችኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ክላስ እንዳልገባ ቤት የምደርሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ባለቤቴ በዚህ ዕድሜሽ ምን አመጣው ይለኛል። እውነት ዕድሜዬ አልፎ ይሆን? ቤት ተቀምጦ ፈረንሳይኛ ይለመዳል? አር የምትባለዋንስ ፊደል እንዴት ነው የሚሏት?»

እህቴ፣ ከሊፍቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ያስለቀሰሽ እሱ ነው፣ መልሱም ያለው እዛው ነው። ያቺ ሴት ያለችሽ «ቱ አ ቢያን ዶርሚ?» ነው። አራት ቃል ነው፣ አራቱንም ስክሪን ላይ ብታያቸው ታውቂያቸዋለሽ ብዬ እገምታለሁ። ግን ሰው ሲያወራ እንደዛ ነጣጥሎ አያወራም፣ «ቱ» እና «አ» ተጣብቀው «ታ» ይሆናሉ፣ «ታ ቢያን ዶርሚ?» ብላ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው፣ አንቺ ደግሞ አራት ቃል ስትጠብቂ ሌላ ነገር መጣብሽ። እና የጎደለሽ ጭንቅላት አይደለም፣ ዕድሜም አይደለም። 7 ወር ሙሉ ፈረንሳይኛን በአይንሽ ነው የተማርሽው፣ ጆሮሽ ገና አልጀመረም።

ደግሞ አንድ ሂሳብ ልስራልሽ፣ ያንቺ ሙያ ቢሆንም። በቀን 10 ደቂቃ በ210 ቀን 35 ሰዓት ነው። ኤ1 የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ፣ ማለትም ሰላምታ፣ ራስን ማስተዋወቅ፣ ገበያ ላይ መግባባት ምናምን፣ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ሰዓት ይፈልጋል ይባላል። አንቺ ግማሽ መንገድ ላይ ሆነሽ ነው «አልቻልኩም» ብለሽ የምታለቅሺው። አልዘገየሽም፣ ሰዓቱ ነው ያልሞላው።

ስለ ዕድሜ ብዙ አልልም። እኔ ራሴ የጀመርኩት በ36 ዓመቴ ነው። ልጅ የሚበልጠን በድምፅ ነው፣ የሰማውን ቁጭ ያደርገዋል። ትልቅ ሰው ደግሞ አንድ ህግ አንዴ ከተነገረው ይገባዋል፣ በማግስቱ ይጠቀምበታል። ባለቤትሽን ደግሞ አትከራከሪው፣ አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት ከተማ ናት፣ ፈረንሳይኛ ደግሞ ከኅብረቱ የስራ ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ ስራሽም እዚችው ከተማ ነው፣ ለምን እንደምትማሪ አንቺ ካወቅሽው በቃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኔ ከምንም በላይ የምልሽ፣ ፈረንሳይኛን በእንግሊዝኛ በኩል ዞረሽ አትሂጂበት። አፑ በእንግሊዝኛ ይጠይቅሻል፣ አንቺ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን መልሰሽ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዛ ወደ ፈረንሳይኛ፣ እስክትደርሺ ሊፍቱ ምድር ቤት ይደርሳል። እንግሊዝኛ ደግሞ በብዙ ነገር ከፈረንሳይኛ ይልቅ ለኛ ሩቅ ነው። አማርኛ እኮ ብዙውን ነገር አስቀድሞ አስተምሮሻል፣ የነገረሽ ሰው ስለሌለ ነው።

ለምሳሌ «አልበላም» በይ። «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ፣ ግሱ መሀል። ፈረንሳይኛም እንደዛው ነው፣ «ዠ ነ ማንዥ ፓ»፣ «ነ» ከፊት «ፓ» ከኋላ፣ መብላት መሀል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይሄን ለመልመድ ሲቸገር አንቺ አፍሽን ከፈታሽበት ቀን ጀምሮ ስትዪው ኖረሻል። በንግግር ደግሞ ያቺን «ነ» ይጥሏታል፣ «ዠ ማንዥ ፓ» ነው የምትሰሚው፣ ስለዚህ ጆሮሽን «ፓ» ላይ ጣይው፣ «ፓ» ከሰማሽ አሉታ ነው። «አላውቅም» ደግሞ «ዠ ነ ሴ ፓ» ተብሎ ይጻፋል፣ ባልደረቦችሽ ግን «ሼ ፓ» ነው የሚሉት፣ ነገ ቢሮ ገብተሽ ጆሮሽን ቀስሪ፣ እስከ ምሳ ድረስ ሳትሰሚው አትቀሪም።

ሌላ። እኛ «ለአንተ» ብለን እንጽፋለን ስናወራ ግን «ላንተ» ነው፣ ሁለት አናባቢ ሲጋጭ አንዱን እንውጠዋለን። እነሱም «ለ» እና «አሚ» ሲገናኙ፣ ጓደኛው ለማለት፣ «ላሚ» ይላሉ። ያው ነው እኮ! ልዩነቱ እነሱ ሲጽፉትም መዋጣቸው ነው፣ ከላይ ትንሽ ጭረት ያደርጉበታል። ሊፍቱ ውስጥ «ቱ አ» «ታ» የሆነውም በዚሁ ነው።

«ለ» ካልኩ አይቀር፣ የፈረንሳይኛ ስም ሁሉ ወንድ ወይ ሴት ነው፣ የወንዱ ምልክት «ለ» የሴቷ «ላ»። ግዕዝና ራብዕ። ይቺ እንግሊዝኛ ተናጋሪን ታደናግረዋለች፣ እኛ ግን ለ እና ላን ለመለየት አንደኛ ክፍል ነው ጣጣውን የጨረስነው። የሚያስቸግረው የትኛው ቃል ወንድ የትኛው ሴት እንደሆነ ነው፣ ጠረጴዛ ሴት ናት፣ መፅሐፍ ወንድ ነው፣ ምክንያት አትፈልጊለት። ቃሉን ብቻውን እንዳትይዢው፣ ሁልጊዜ ከነ ለ ወይ ላው ያዢው፣ «ታብል» ሳይሆን «ላ ታብል»። ይሄን እኔ መጀመሪያ ላይ ንቄው ቃል ብቻ ሰበሰብኩ፣ በኋላ 400 ምናምን ቃል እንደገና አንድ በአንድ መያዝ ነበረብኝ፣ አንቺ እንደዛ አትልፊ።

አንተና እርስዎ የሚባል ነገር ደግሞ እንግሊዝኛ የለውም፣ ፈረንሳይኛ አለው። «ቱ» ለጓደኛ፣ «ቩ» ለአለቃና ለማያውቁት ትልቅ ሰው፣ ለብዙ ሰውም «ቩ» ነው። መች መች እንደሚባል ማንም ሊያስተምርሽ አይገባም፣ እርስዎ የምትያቸውን ሰዎች ሁሉ «ቩ» በያቸው፣ አትሳሳቺም። ያቺ ሴት ሊፍት ውስጥ «ቱ» ማለቷ እንዳቀረበችሽ ነው የሚያሳየው፣ ይሄን ልብ በይልኝ።

ስለ ድምፅ ጠይቀሽኛል፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኔ ድሬዳዋ ነው ያደኩት፣ አያቴ ምድር ባቡር ሰራተኛ ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የገባው በ1902፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የኩባንያው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር አብሮት ብዙ ቃል ገብቷል። ለገሃር ራሱ «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያው ማለት፣ ያቺው ላ ናት። ቢሮ፣ ሾፌር፣ ጋራዥ፣ ካቢኔ፣ ቡፌ፣ ቴምብር፣ ፈረንጁን የምንጠራበት «ሙሴ» እንኳን ሳይቀር። እነዚህ ቃላት ላንቺ የድምፅ መማሪያ ናቸው፣ ምክንያቱም አባቶቻችን በጆሯቸው ሰምተው ነው በፊደላችን ያስቀመጧቸው።

«ቡፌ»ን እና «ካቢኔ»ን ውሰጂ። ሁለቱም በፈረንሳይኛ ሲጻፉ መጨረሻ ላይ ቲ አላቸው፣ አትነበብም፣ እኛም ቡፌት ካቢኔት ብለን አናውቅም። ከፈረንሳይኛ ትልቁ ህግ ይሄ ነው፣ የቃሉ መጨረሻ ላይ ያለ ተነባቢ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። እኛ በፊደላችን የተጻፈው ሁሉ ስለሚነበብ መጀመሪያ ይጨንቃል፣ ግን ጥቅምም አለው፣ ግሶቹን ስታረቢ ወረቀት ላይ ሶስት አይነት የሚመስለው አፍ ላይ አንድ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትናገራለህ፣ እሱ ይናገራል፣ እነሱ ይናገራሉ፣ አራቱም «ፓርል» ነው የሚባለው። በጆሮ የጀመረ አንድ ቃል ይይዛል፣ በወረቀት የጀመረ ሶስት።

አሁን «ቢሮ» በይ። በፈረንሳይኛ ከቢ ቀጥሎ ዩ የምትባለዋ ፊደል ናት ያለችው፣ ድምፅዋ ኢም አይደለም ኡም አይደለም፣ አባቶቻችን ኢ ብለው ሰሟት፣ ለዚህ ነው ቡሮ ያላልነው። አውቶቢስም እንደዛው። ድምፅዋን ለማውጣት «ኢ» በይና ምላስሽን ሳታንቀሳቅሺ ከንፈርሽን ብቻ ለፉጨት እንደምታሾዪው አሹዪው። በቃ ወጣች። በቀን 20 ጊዜ መስታወት ፊት ቢሮ፣ ቢሮ፣ ቢሮ በያት። «ቱ» ውስጥ ያለችው እሷ ናት፣ ይቺን ካልለየሽ «አንተ» እና «ሁሉም» የሚሉት ቃላት አንድ ይሆኑብሻል።

«ቴምብር» ላይ ደግሞ ም አለች፣ በፈረንሳይኛው ግን ለሷ ከንፈር አይገጥምም፣ ድምፁ በአፍንጫ ያልፍና ያልቃል። እኛ እንደዛ አይነት ድምፅ ስለሌለን ም ጨመርንበት። «ቦንዡር» ስትዪ «ቦን» ላይ ምላስሽ ላንቃሽን ከመንካቱ በፊት አቁሚው፣ ድምፁን ወደ አፍንጫ ልቀቂው። መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ወጥ ቤት በር ዘግተሽ ሞክሪው። ዥ እና ኝ ግን ችግር የለብሽም፣ ብዙ ህዝብ ለነዚህ ይታገላል፣ እኛ ግዢና ሞኝ ስንል ነው የኖርነው።

አር የምትባለዋን ደግሞ እርሻት፣ የምሬን ነው። ፓሪስ ላይ ከጉሮሮ ነው የምትወጣው፣ ውሃ እንደመጉመጥመጥ ወደኋላ ሄዳ። ግን አፍሪካ ውስጥ ብዙ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ እንደኛው ር በምላሱ ያንከባልላታል፣ ባልደረቦችሽን ስሚያቸው። በኛ ር ሁሉም ሰው ይገባዋል። በዩ እና በአፍንጫዎቹ ላይ ድከሚ፣ እነሱ ናቸው ትርጉም የሚቀይሩት።

እሺ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ ካልሽኝ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ልጆች ከተኙ በኋላ ጠረጴዛ ይዘሽ ትማሪ ዘንድ አልመክርሽም፣ ደክሞሽ ነው፣ ሁለት ሳምንት ትሄጂና ትተይዋለሽ። ከሰሚት መገናኛ ከመገናኛ ካዛንቺስ ሁለት ታክሲ ነው አይደል፣ ያ መንገድ ያንቺ ክላስ ነው። ቲቪ5 ሞንድ የሚባለው የፈረንሳይኛ ቴሌቪዥን ለተማሪዎች ያዘጋጀው ነፃ ትምህርት አለ፣ ከኤ1 ይጀምራል፣ አጫጭር ቪዲዮ ነው። አንዱን መርጠሽ በሳምንት እሱን ብቻ ስሚ፣ አዎ አንድ ብቻ። በመጀመሪያው ቀን ፅሁፉን ሳታዪ ስሚና የሰማሽውን ደብተር ላይ በፊደላችን ጻፊው፣ «ታ ቢያን ዶርሚ» ብለሽ እንደሰማሽው። ከዛ ነው የፈረንሳይኛውን ፅሁፍ የምታዪው፣ የጻፍሽውንና የተጻፈውን ስታስተያዪ የት ድምፅ እንደተዋጠ፣ የት እንደተጣበቀ ራስሽ ታገኚዋለሽ። በፊደል መጻፍ ጥሩ አይደለም የሚሉ አስተማሪዎች አሉ፣ ለሁልጊዜ ከሆነ ልክ ናቸው፣ ለመጀመሪያው ሁለት ወር ግን ጆሮን የሚያነቃ እንደሱ አላየሁም፣ ከዛ በኋላ ተዪው።

ቀሪዎቹን ቀናት ያንኑ እየሰማሽ በሹክሹክታ ተከተያቸው፣ ታክሲ ውስጥ ጆሮ ማዳመጫ ካደረግሽ ስልክ የምታወሪ ነው የሚመስለው። ማታ ደግሞ ምግብ ስትሰሪ የምታደርጊውን ጮክ ብለሽ በይው፣ ሽንኩርት ስትከትፊ «ዠ ኩፕ ሎኞን»። አየሽ፣ ሽንኩርት «ኦኞን» ነው፣ «ለ» ተጣበቀችበትና ሎኞን ሆነ፣ ኝ መሀል ላይ አለች፣ መጨረሻዋ በአፍንጫ ነው፣ አንድ ሽንኩርት ላይ ስንት ትምህርት! ልጆችሽ ከሰሙ ይድገሙት፣ ከአንቺ ፈጥነው ድምፁን ቢያገኙት አትዘኚ፣ እነሱን አርሙኝ በያቸው። ከመተኛትሽ በፊት 1 ደቂቃ ስልክሽ ላይ ድምፅሽን ቅጂ፣ ዛሬ ምን እንዳደረግሽ፣ ስህተቱም ይቀዳ፣ አታጥፊው። በወር አንዴ የመጀመሪያውን መልሰሽ ስትሰሚ ለውጡን ማንም ሳይነግርሽ ታውቂዋለሽ።

ይሄ ሁሉ ተደምሮ በቀን 40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በወር 20 ሰዓት፣ በሶስት ወር 60። ዱኦሊንጎውን ጣይው አልልም፣ ቃል ለመከለስ ጥሩ ነው፣ ግን ትምህርቱ እሱ ነው ብለሽ አታስቢ። አር ኤፍ አይ የሚባለው የፈረንሳይ ሬዲዮ ደግሞ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበው የ10 ደቂቃ ዜና አለው ከነፅሁፉ፣ እሱን አሁን አትክፈቺው፣ ለጀማሪ ይከብዳል ተስፋ ያስቆርጣል፣ ከስድስት ሰባት ወር በኋላ ያኔ ይደርስልሻል።

ቁጥር ላይ ለየት ያለ ምክር አለኝ ምክንያቱም ሂሳብ ሰራተኛ ነሽ ቶሎ ነው የሚመጣብሽ። እስከ 69 ሰላም ነው። 70 ስልሳ-አስር ነው፣ 80 አራት-ሃያ፣ 90 አራት-ሃያ-አስር፣ 97 «ካትር ቫን ዲ ሴት» ማለትም አራት ሃያ አስር ሰባት። እያሰላሽ ከሆነ አትደርሺበትም፣ እንደ ስም ነው መያዝ ያለብሽ። ታክሲ ስትጠብቂ የመኪና ታርጋ ሁለት ሁለት እየከፈልሽ አንብቢ፣ ፈረንሳዮች ስልክ ቁጥር የሚሉት እንደዛ ሁለት ሁለት እያደረጉ ነው። ከኪንሻሳው ኮንጎ ወይ ከሩዋንዳ የመጣ ባልደረባ ካለሽ ደግሞ 70ን «ሴፕታንት» 90ን «ኖናንት» ሲል ልትሰሚ ትችያለሽ፣ የቤልጂየም ነው፣ ትክክል ነው አትደናገጪ። ሰዓት ስትናገሪ ብቻ ተጠንቀቂ፣ የኛ ጠዋት 2 ሰዓት የነሱ 8 ነው፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ደግሞ 14 ይሉታል፣ እኔ በዚህ ምክንያት ቀጠሮ አምልጦኛል።

ክላስን በተመለከተ፣ አሁን አትጨነቂበት። ከሶስት አራት ወር በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሆን ነገር ካገኘሽ ፒያሳ አሊያንስ የሚባለው የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ ሄደሽ ጠይቂ፣ ያኔ ከዜሮ አትጀምሪም። ወረቀት ከፈለግሽ ዴልፍ የሚባለው ፈተና ከኤ1 ጀምሮ አለ፣ ከ100 50 ካመጣሽ ታልፊያለሽ፣ ከአራቱ ክፍል በአንዱም ግን ከ25 5 በታች መውረድ የለብሽም፣ ዲፕሎማው ደግሞ ጊዜ አያልፍበትም። መናገር ካልተለማመድሽ የሚጥልሽ ያ ክፍል ነው፣ ምግብ ስትሰሪ የምታወሪውን እንዳትንቂው የምልሽ ለዚህም ነው።

አሁን ወደ ባልደረቦችሽ ልመለስ። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሰው ሰላምታው እንደኛው ረጅም ነው። «ሳ ቫ?» ብሎ አይበቃውም፣ «ኤ ላ ፋሚይ?» ቤተሰብስ ይላል፣ «ኤ ሌዛንፋን?» ልጆችስ፣ «ኤ ላ ሳንቴ?» ጤናስ። ይሄ ላንቺ ትልቅ እድል ነው፣ የሚቀጥለውን ጥያቄ አስቀድመሽ ታውቂዋለሽ፣ እኛም ተራ በተራ ነው የምንጠይቀው። ለእያንዳንዱ «ሳ ቫ፣ መርሲ፣ ኤ ቷ?» ብትዪ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አወራሽ ማለት ነው። ያልገባሽ ቦታ ፈገግ ብለሽ አትውረጂ፣ «ዱስማን፣ ሲል ተ ፕሌ» በይ፣ ቀስ በይልኝ ማለት ነው፣ ማንም በዚህ አይከፋም፣ እንደውም ደስ ይላቸዋል። ለሊፍቷ ሴት ደግሞ እንደገና ስትጠይቅሽ «ዊ፣ ዤ ቢያን ዶርሚ፣ ኤ ቷ?»፣ አዎ ደህና አደርኩ፣ አንቺስ።

አንድ ነገር ደግሞ ከኮትዲቯር ከመጡት ጋ ሞክሪ። እነሱ ጋ ሰው ምግብ ይዞ ሌላው ሲመጣበት ዝም ብሎ አይበላም፣ «ቩዜት አንቪቴ» ይላል፣ ተጋብዛችኋል ማለት ነው፣ ያው የኛ «እንብላ» ነው። «ቩ» ብቻውን ሲሆን መጨረሻው ላይ ያለችው ኤስ ዝም ትላለች፣ ከአናባቢ ፊት ስትሆን ግን ዝ ሆና ትነሳና «ቩዜት» ይሆናል። ዛሬ ማታ ወጥ ቤት ሃያ ጊዜ በይው፣ ነገ ምሳ እቃሽን ስትከፍቺ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺና ቀና ብለሽ በያቸው። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።